የካርቶኑ ግድግዳ

ሰኞ 2

ሱፐርቫይዘሩ ሳይነግረን መጣ። ሞተር ብስክሌቱን ግቢያችን ውስጥ ካለችው አንዲት ዛፍ ሥር አቁሞ በቀጥታ ክፍሌ ገባ። ክፍሌ ስል የአዳራሹን ግማሽ ማለቴ ነው። በዚህ በኩል የእኔ ሦስተኛ ክፍል፣ በዚያ በኩል የባልደረባዬ የእትዬ ሁለተኛ ክፍል፤ መሃል ላይ ምንም የለም። አምና መጋረጃ ሰቅለን ነበር። ልጆቹ መተያየት አቆሙ እንጂ መሰማማት አላቆሙም፣ ኋላም ጨርቁ ተቀዶ የሰሌዳ ማጥፊያ ሆነ። ውጭ እንዳናስተምር የዛፏ ጥላ ለሞተር ብስክሌት እንጂ ለክፍል አይበቃም።

ልጆቹ እንዲያነቡለት ጠየቀ። መጀመሪያ የተነሣችው ጥያቄ ናት። ጥያቄ ቅጽል ስሟ ነው፤ ትንሽ አብሯት የተቀመጠ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ እትዬ ከወዲያ «አምስት በሦስት ሲባዛ?» አለች። የእኔዎቹ በሙሉ ንባቡን ትተው «አሥራ አምስት» ብለው ጮኹ። ጥያቄም መጽሐፉን እንደያዘች አብራ ጮኸች። ሱፐርቫይዘሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሲወጣ ግን ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ ከሦስተኛ ክፍል ቢያንስ ግማሹ አንድ ገጽ አንብቦ ካልጨረሰ ክፍሉ ይዘጋና ልጆቹ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ከተማው ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን የሚፈጅ የእግር መንገድ ነው። ጠንከር ያሉት ይሄዱ ይሆናል፤ ትንንሾቹና አብዛኞቹ ሴቶች ቤት ይቀራሉ። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግድግዳ ሥሩልን አልኩት። በጀት የለም አለኝ።

ረቡዕ 4

እትዬን ድምፅሽን ዝቅ አድርጊልኝ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች። እሺ ያለችው መንገድ ድረስ ተሰማ።

ልጆቹ በሌለችበት ማይኳ ይሏታል። እኔ አልልም፤ እዚህ ደብተር ላይ ካልሆነ።

ቅዳሜ 7

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፏፏቴው መንገደኛ የሚያመላልሰው አውቶብስ ዛሬ በራችን ላይ ቆመ። የወረዱት ከትልቁ ከተማ የመጡ ሰዎች ናቸው። ማኅበር አላቸው፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ አልያዝኩትም። መሪያቸው ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ ናቸው። አዳራሹን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ከዚያ ካርቶን ማውረድ ተጀመረ። እስክሪብቶ፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ። ልቤ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው።

ግን አንድ ነገር አለ። ካርቶኖቹ አሁን አይከፈቱም። ማኅበርተኛው ሁሉ እስኪሰበሰብ ድረስ እቃው በየሳምንቱ እየተጠራቀመ ይመጣል፣ በመጨረሻ ሁሉም አብረው መጥተው በየልጁ እጅ በገዛ እጃቸው ይሰጣሉ። ባለባርኔጣዋ ልጆቹ ሲቀበሉ ማየት እንደሚፈልጉ በደንብ አስረዱኝ። እስከዚያ እቃውን ሾፌሩ እያደረሰ ያራግፋል። እኔም እሺ አልኩ፤ ለተሰጠ ነገር ሌላ ምን ይባላል?

ማስቀመጫ ክፍል የለንም። የዘበኛችን የጋሼ ጎጆ እሱንም በቅጡ አትይዘው። እንግዲህ እስከዚያው ተብሎ አዳራሹ መሃል ላይ ተከመረ።

ሾፌሩ ዝምተኛ ነው። ሁሉንም ካርቶን ያወረደው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ፎቶ ያነሡ ነበር። ሲሄድ «መምህር፣ በርቱ» አለኝ። ማን ጠየቀው?

ሰኞ 9

ጠዋት ጋሼ ለመተላለፊያ ብሎ ካርቶኖቹን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በአንድ መስመር ደርድሯቸው አገኘሁ። በአንድ ጎን ለሰው መግቢያ ብቻ ትቷል። ልጆቹ ሲቀመጡ የካርቶኑ ረድፍ ከራሳቸው በላይ ሆነ።

ትምህርት ተጀመረ። እትዬ ወዲያ ስታስቆጥር እሰማለሁ፣ ነገር ግን ድምፁ ካርቶኑ ጋ ሲደርስ ይለዝባል። ልጆቼ ወደዚያ መዞር አቆሙ። ጥያቄ አንድ አንቀጽ አንብባ ጨረሰች። ቀጥሎ ያለውም ልጅ ሞከረ። እኔ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ ደግሞ በእረፍት ሰዓት መጥታ እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለካ እሷም ስትሰማኝ ኖራለች።

ቅዳሜ 14

ሾፌሩ ተጨማሪ ካርቶን ይዞ መጣ። መንገደኞቹ ውሃ እስኪቀዱ ድረስ እማዬ ሻይ ካልጠጣህ ብላ ቤት አስገባችው። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተጣበቀች ናት፤ በሯ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ጓ ብላ ትዘጋለች። ሻዩን እስኪጠጣ ሦስት አራት ጊዜ ተዘጋች። በየጊዜው እየተነሣ ይከፍታታል። እማዬ ሁለተኛ ቀዳችለት። ሰው እኮ ሥራ አለው አልኳት። እሷ ግን ስኳር ጨመረችለት።

ካርቶኖቹን ሁለተኛ ረድፍ አድርጌ ደረደርኩ።

ሰኞ 16

ጥያቄ እጇን አወጣች። ንባብ መስሎኝ ተነሺ አልኳት።

«ቲቸር፣ ካርቶኑ ውስጥ እርሳስ አለ አይደል?»

አለ አልኳት።

«ታዲያ እኛ ለምንድን ነው በዚህ የምንጽፈው?»

እርሳሷን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ከጣቷ ጫፍ ብቅ ያለው ነገር እርሳስ ለመባል አይበቃም። ሰጪዎቹ ሲመጡ ይከፈታል አልኳት። ሰጪዎቹ መቼ ነው የሚመጡት አለች። በቅርቡ አልኩ። በቅርቡ ማለት ስንት ቀን ነው አለች። ቁጭ በይ አልኳት።

ማታ ይህን ስጽፍ የራሴን እስክሪብቶ አየሁት። ሙሉ ነው። ልጆቹ ያን ሁሉ እርሳስ ተደግፈው በጉማጅ ይጽፋሉ፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ቢከፈት ግድግዳዬ ይፈርሳል ብዬ እሳቀቃለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ለባለባርኔጣዋ ደውዬ ግማሹን እንክፈተው ማለት እችላለሁ። ነገ እደውላለሁ።

ረቡዕ 18

አልደወልኩም። ሦስት ልጆች ሙሉ ገጽ አነበቡ።

የእትዬ ድምፅ አሁን የሚያልፈው በላይ በኩል ነው። አንድ ረድፍ፣ ቢበዛ ሁለት ቢጨመር ይደፈናል።

ቅዳሜ 21

ጸጉሬን ታጠብኩ። አቧራው አስቸግሮኝ ነው።

ሾፌሩ ያመጣው አራት ትንንሽ ካርቶን ብቻ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ትልልቅ ካርቶን አይገኝም ወይ አልኩት። በውስጡ ምን ቢሆን ይሻላል አለኝ። ምንም ይሁን አልኩት፤ ብቻ ትልቅ ይሁን። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ግድግዳዬን ከላይ እስከ ታች አየው፣ እጁን ዘርግቶ ከላይ የቀረውን ክፍተት በስንዝር ለካው፣ እሺ አለ።

ልጆቹን አንብቡለት አልኳቸው። ቅዳሜም ቢሆን መንገደኛ ለማየት ግቢው ውስጥ አይጠፉም። ቆሞ እስከ መጨረሻ ሰማ፣ መንገደኞቹ ክላክስ እስኪያደርጉበት ድረስ።

ቅዳሜ 28

ትልልቅ ካርቶኖች መጡ። በፕላስተር ጥርቅም ተደርገው የታሸጉ። አንዱን ራሴ አነሣሁት፤ በአንድ እጄ ተነሣልኝ። ቦርሳ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቦርሳ ቀላል ነው።

ክፍተቱ ተዘጋ። ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጥቶ የመጨረሻውን ሲያስገባ እትዬ ከወዲያ እስኪ ተጣሪ አለችኝ። ተጣራሁ። አልሰማሁም አለች። ያለችውን እኔ ሰምቻታለሁ፤ የእሷ ድምፅ የትም ይገባል። ቢሆንም ተቃቅፈን ልንጨፍር ደረስን።

ማክሰኞ 1

ወሩ ገባ። ከግማሽ በታች ነን፣ ግን ብዙ አይቀረንም። አንዱ ልጅ እያነበበ ራሱ ያነበበው ነገር አሳቀው። ገብቶታል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ቅዳሜ 5

ጉድ ፈላ። ማኅበርተኞቹ ቅዳሜ 19 ቀን እንደሚመጡ ሾፌሩ ነገረኝ። ሱፐርቫይዘሩ የሚመጣው ሰኞ 28 ነው። ግድግዳዬ ልጆቹ በጣም በሚፈልጉት ጊዜ ሊፈርስ ነው።

ሰኞ 7

ለባለባርኔጣዋ ደወልኩ። ልክ ሃሎ እንዳልኩ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ እየናፈቁን ነው ወይ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ቁልቋል የሚያህል ፈገግታ ይዘን እንመጣለን አሉኝ። ቁልቋል ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቀኑ በሁለት ሳምንት ቢገፋልን ልል አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ? የሰጣችሁንን አልሰጠሁም፣ ግድግዳ ሠርቼበታለሁ? እንኳን ደህና መጡ ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ 12

ለሾፌሩ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ሱፐርቫይዘሩም፣ ስለ ቀኑም። እኔ ልንገርልዎት አለ። አይሆንም፣ እኔው እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሌላም የሚለው ነገር ያለው መሰለኝ። ቆቡን እያዟዟረ ትንሽ ቆየና ሄደ።

እማዬ በር ላይ ቆማ ይህ ልጅ ምን ሊልሽ ነበር አለችኝ። ልጅ አይደለም፣ አርባ ዓመት አልፎታል አልኳት። ዕድሜውን ጠይቀሽዋል ማለት ነው አለችኝ።

ዓርብ 18

ጥድፊያ ላይ ነኝ። ግቢው ተጠረገ። ልጆቹ ልብሳቸውን አጥበዋል። እትዬ መዝሙር ታስጠናለች፣ ጆሮዬ በሕይወት የለም። ነገ ከመከፈቱ በፊት እነግራቸዋለሁ። እናገራለሁ።

ቅዳሜ 19

አልተናገርኩም።

እንዲህ ሆነ። ማኅበርተኞቹ በሁለት አውቶብስ መጡ፤ የፊተኛውን የሚነዳው የእኛው ሾፌር ነው። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ልጆቹ ዘመሩ። ባለባርኔጣዋ ንግግር ጀመሩ። ሲጨርሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ፣ ሲጨርሱ ግን ቀድሞ ፕላስተሩ ተቀደደ።

የመጀመሪያው ካርቶን ሲከፈት የነበረውን ጩኸት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ጥያቄ ሙሉ እርሳስ ተቀበለች፤ እንደ መኪና ክላክስ ነው የጮኸችው። አንዱ ማስመሪያውን ጎራዴ አደረገው። አንዷ ደብተሯን ከፍታ ወረቀቱን አሸተተች፣ ጎረቤቷን አስሸተተችው፣ ከዚያ ሁሉም ደብተር ማሽተት ሆነ ሥራቸው። አንድ ካርቶን ሙሉ መቅረጫ ብቻ ነው የወጣበት፤ ዛሬ መቅረጫ ያላገኙት ጋሼና የእማዬ ድመት ብቻ ናቸው። እኔም ሆዴ ባብቶ አለቀስኩ። ይህን ደስታ ይህን ያህል ሳምንት አቆይቼባቸው ነበር።

ከዚያ የላይኞቹ ካርቶኖች ወረዱ። አንድ ሰውዬ አንዱን ከፈተ። ባዶ ነው። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ባዶ። ሌሎቹም ትልልቆቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ለንባብ ብለምን ብለምን አላገኘሁትም ነበር። ሰውዬው ዙሪያውን አየና ሌሊት እዚህ የሚያድረው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ጋሼ ቆቡን አወለቀ።

ሾፌሩ ከኋላ ወደ ፊት ወጣ።

«እነዚያን ባዷቸውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም ምንም አልወሰደም» አለ።

ባለባርኔጣዋ በማኅበራቸው ስም ባዶ ካርቶን አሽጎ ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁት። ያ ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ለድርጅትህ ነው የምደውለው አለው። ሾፌሩ ዝም አለ። ዝም ያለው ለእኔ ብሎ እንደሆነ ገባኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፣ ግን አልተከፈተችም።

«ትልቅ ካርቶን አምጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ምንም ይሁን፣ ብቻ ትልቅ ይሁን አልኩት። አንዱን አንሥቼ ቅለቱን አውቄአለሁ። አውቄም ዝም ብያለሁ።»

ባዶ ካርቶን ለምን ይፈለጋል አሉኝ ባለባርኔጣዋ። እኔ ቃል ስፈልግ ጥያቄ ቀደመችኝ። ዕድሜ ልኳን ስትጠይቅ ኖራ አንድ ቀን መልስ ሰጠች።

«ግድግዳችን ነው። እናንተ አሁን አፈረሳችሁት።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያደረገችው እትዬ ናት። ማንም ሳያዛት ልጆቿን ወደ ቦታቸው መለሰችና በዚያ ድምፅዋ ማባዛት ጀመረች። ጥያቄ እንድታነብ ምልክት ሰጠኋት። አነበበች። ማለቴ አፏ ሲንቀሳቀስ ታየ። እትዬ አምስት በሦስት ስትል አዳራሹ ሁሉ አሥራ አምስት አለ፣ ከማኅበርተኞቹም ሁለቱ አብረው አሉ። ባለባርኔጣዋ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስለ ሱፐርቫይዘሩ፣ ስለ 28 ቀን፣ ስለ ከተማው መንገድ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። አንድ ወር ሙሉ አንቆኝ የነበረው ነገር ተነግሮ ለማለቅ ሻይ የሚፈላበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ሄዱ። ስሕተቱ የእኛም ነው፣ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ አልጠየቅንም አሉኝ። ያ ሰውዬ ግን ለድርጅቱ ደውሏል። ሾፌሩ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፣ እኔ ግን ምንም አላልኩም። ምን እንደምለው አሁን ነው የመጣልኝ። አሁን ምን ይሠራል!

እሑድ 20

ካርቶኖቹ አልተወሰዱም። ባዷቸውን መልሰን ደረደርናቸው፤ ጥያቄ ስታስነጥስ ተናዱ። ይህን የሰማው አባቷ፣ ግንበኛ ነው፣ መሠረቱ ክብደት ይፈልጋል አለ። የታችኞቹን አሸዋ ሞላንባቸው። የላይኞቹን እናቶች ገለባ አምጥተው ጠቀጠቁባቸው። ጋሼ በግንባሩ ላብ ፕላስተር ሲለጥፍ ዋለ። እንዲህ የሳቅኩበት እሑድ ትዝ አይለኝም።

ገለባው እስክሪብቶ ከሞላው ካርቶን የበለጠ ድምፅ ይውጣል። ብናውቅ ኖሮ!

ረቡዕ 23

ልጆቹ በሙሉ እርሳስ ይጽፋሉ። መቅረጫ ስለበዛ ቀኑን ሙሉ ይቀርጻሉ። በዚህ አያያዝ እርሳሱ እስከ ሰኞ አይደርስም።

ቅዳሜ 26

አውቶብሱ መጣ። የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። የእኛው ነገሩ እስኪጣራ ቤቱ እንዲቀመጥ ታዟል አለ፤ ባዶ ካርቶን አሽጎ ማኅበሩን አታሏል ተብሎ። ሥራውን ሊያጣ ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት። እሱ ትከሻውን ሰበቀ።

ለባለባርኔጣዋ ደወልኩ። ይህን ጊዜ ሃሎ ካልኩ በኋላ እሳቸው እስኪናገሩ አልጠበቅኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለድርጅቱም መጥቼ እናገራለሁ አልኩ። እንደማላለቅስ ወስኜ ነበር የደወልኩት። ሰኞ ራሴ ወደ ድርጅቱ እሄዳለሁ፣ አንቺ ፈተናሽ ላይ ሁኚ አሉኝ።

እማዬ ለሻይ ሁለት ብርጭቆ ነው ያቀረበችው። አንዱን መልሳ አስቀመጠች።

ሰኞ 28

መጣ። የሞተሩን የራስ ቁር እንዳንጠለጠለ ገባና ግድግዳውን አየ። አንኳኳው። ከአንዱ ካርቶን ገለባ ስቦ አወጣና አገላብጦ አየው። ይህ ምንድን ነው አለኝ። በጀት ነው አልኩት። አፌ አመለጠኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ቁጣውን ጠበቅኩ። ሳቀ። ዛሬስ ወደ መስኮት አልዞረም።

እትዬ ማለዳ ነው የነገረችኝ፤ ልጆቿን ዛሬ በምልክት ነው የማስተምረው አለች። ቃሏን ጠበቀች። አንድ ጊዜ ብቻ አስነጠሳት፣ ግድግዳው ቻለው።

ልጆቹ አንድ በአንድ ተነሡ። አንዳንዱ ተንተባተበ። አንዱ እንባው መጣና ተቀመጠ፣ ኋላ ራሱ ደግሞ እንድሞክር ይፈቀድልኝ አለ፣ ጨረሰው። ጥያቄ ገጿን በአንድ ትንፋሽ ተወጣችውና መጽሐፉን ሳትዘጋ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ በሬውን ከሸጠ በኋላ በምን ሊያርስ ነው ብላ ሱፐርቫይዘሩን ጠየቀችው። አላውቅም አለ። ታዲያ ለምን አይጽፉትም አለችው።

ከግማሽ በላይ አለፉ። ብዙ በላይ። ሦስተኛ ክፍል አይዘጋም። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሜ መጻፍ እፈልጋለሁ። ሦስተኛ ክፍል አይዘጋም።

ልነግረው የፈለግኩት ሰው ነበር። ስልክ ቁጥሩ አለኝ፣ ለሥራ ብዬ ይዤዋለሁ። ደወልኩ። አይነሣም።

ቅዳሜ 3

ያ ሌላው ሾፌር እንደገና። ስልኬን ደጋግሜ አየሁት፣ ባትሪው ሙሉ ነው። እማዬን ያለ ምክንያት ተቆጣኋት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ገብቶኛል አለች፤ ምኑ እንደገባት አልነገረችኝም።

ቅዳሜ 10

ዛሬ ጸጉሬን አልታጠብኩም፣ ዱቄት ስነፋ ነበር፣ ክላክሱን ስሰማ ወንፊቱን ይዤ ነው የወጣሁት። ክላክሱ የእሱ ነው። ሌሎቹ ረጅም ያደርጋሉ፣ እሱ አጭር።

አውቶብሱ ዝቅ ብሎ ነው የመጣው፣ ጎማው ሊፈነዳ የደረሰ ይመስላል። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ባለባርኔጣዋ ወረዱ። በሁለት እጃቸው ጡብ ይዘዋል። ከኋላቸው የወረደው ሰው ጡብ ይዟል። ቀጣይዋም። ከከተማ እስከዚህ ድረስ እያንዳንዱ መንገደኛ ጡቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የመጣው። ያ ስልክ የደወለው ሰውዬ ሁለት ይዞ ሱሪው ቀይ አቧራ ሆኗል። የአውቶብሱ ሆድና ጣሪያም ጡብ ነው፣ ሲሚንቶም አለ። ባለባርኔጣዋ ከእንግዲህ ወደ ፏፏቴው በዚህ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ አንድ አንድ ጡብ ይዞ እንዲመጣ ከድርጅቱ ጋር መስማማታቸውን ነገሩኝ። የሾፌሩንም ጉዳይ አለቃውን አግኝተው ትናንት እንደጨረሱት እግረ መንገዳቸውን ጨመሩልኝ። ካርቶኑን ለምን እንዳመጣ ሲሰማ አለቃው ስቆ ነው የለቀቀው አሉ።

ልጆቹ ከአውቶብሱ እስከ አዳራሹ ተሰልፈው ጡብ ሲቀባበሉ ዋሉ። ጥያቄ በእጇ ያለፈውን ጡብ ሁሉ ከየት መጣህ ትለው ነበር። አባቷ መለኪያ ገመዱን ወጠረ። እትዬ አንድ ጡብ ይቅር፣ ሰላም መባባያ ቀዳዳ ይሁነን አለች። እሷ ሰላም ለማለት ቀዳዳ እንደማያስፈልጋት ነገርናት።

ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ስልኩን ድርጅቱ ወስዶበት እንደነበር ነገረኝ። የሥራ ስልክ ነው። ትናንት ሲመልሱለት የእኔን ጥሪ አይቶታል። በፈተናው ቀን እንደደወልኩ ያውቃል። ልጆቹ እንዳለፉ ነገርኩት፣ አንድ በአንድ፣ ማን ምን እንዳነበበ። ሳይንቀሳቀስ ሰማኝ። በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ተነሣና ወጣ፤ ሄደ ብዬ ደነገጥኩ። ከአውቶብሱ ወንበር ሥር የነበረ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። ጡብ ነው።

«ይሄኛው ለግድግዳው አይደለም» አለኝ። «በርሽን ንፋስ ሲያስቸግርሽ አይቼ ነው።»

በርዎን አላለም፤ በርሽን አለ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን ስኳር ትፈልግ ነበር። ስኳሩ ፊት ለፊቷ ነው ያለው።

ሰኞ 12

ግድግዳው ጣሪያ ደረሰ። ገና እርጥብ ነው። ልጆቹ በጣታቸው እንዳይነካኩት ጋሼ ዱላ ይዞ ቆሟል። ከወዲያ ምንም አይሰማም። መሃል ላይ ጸጥታው ከበደኝና ሄጄ እትዬን አለሽ ወይ አልኳት። እሷም ልትመጣ ተነሥታ ነበር።

ካርቶኖቹን ልጆቹ ተካፈሉ። አንዳንዶቹ ቤት ሠርተውባቸው ገብተው ያነባሉ።

ቅዳሜ 17

ጸጉሬን ታጠብኩ። አቧራ የለም።

ንፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ይነፍሳል። እማዬ ሦስት ብርጭቆ አቅርባ ተቀምጣለች። ጡቡ ቦታው ላይ ነው። በሩ ክፍት ነው።